የሚያዞረን ምንድን ነው?

 

 በዚህ ወር ላወያያችሁ የፈለግሁት ጉዳይ በየቤታችን የምንሰማው፣ ነገር ግን ቆም ብለን የማንመረምረው ጉዳይ ነው። «ያዞረኛል» የሚል ሰው በየትኛውም ቤት አይጠፋም። አንዷ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ያዞራታል። አንዱ በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ያዞረዋል። ሌላው ደግሞ ለሁለት ቀን ሙሉ ቀና ማለት እስኪያቅተው ድረስ ሲያዞረውና ሲያስመልሰው ይሰነብታል። ሦስቱም ምን እንደ ሆኑ ሲጠየቁ የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው። የእኛም ምላሽ የታወቀ ነው፤ «ደም ብዛት ነው»፣ «ደም ማነስ ነው»፣ ይህ ካልሆነም «ዓይን ነው»፣ «ጅን ነው» እንላለን።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩን ለማወቅ የተነሳሁት በእናቴ ላይ ከደረሰው በኋላ ነው። ሐኪሞችን ስጠይቅና መጻሕፍትን ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ይኸውም ማዞር ራሱ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት መሆኑ ነው። ከእነዚህም መካከል በአሥር ደቂቃ የሚድን አለ፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚሻል አለ፤ በሰዓታት ውስጥ ሕይወትን የሚያሳጣም አለ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሁለት ቃላት

እ.ኤ.አ. በ1037 (428 ዓ.ሂ.) ያረፈው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተሰኘው ሥራው ስለ ማዞር ሲጽፍ ሁለት የተለያዩ ቃላትን ተጠቅሟል። አንደኛው «ደዋር» ነው፤ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ የሚዞር የሚመስለው ሰው ሁኔታ ነው። ሁለተኛው «ሰደር» ነው፤ ሰውየው ሲነሳ ዓይኑ ጨልሞበት ሊወድቅ ሲል ማለት ነው። ሺህ ዓመት ገደማ አልፎም የዛሬ ሐኪም በሽተኛው «ያዞረኛል» ሲለው መጀመሪያ ለማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው።

የእኛም ቋንቋ ቢሆን ቃል አላነሰውም። «ቤቱ ዞረብኝ»፣ «ዓይኔ ላይ ጭልም አለብኝ»፣ «ራሴን ልስት ነበር»፣ «አጥወለወለኝ»፣ «ስሄድ ያንገዳግደኛል» እንላለን። እያንዳንዱ አባባል ወደ ተለያየ መንስኤ የሚያመለክት ነው። ችግሩ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ይህን ሁሉ ትተን «ያዞረኛል» ብቻ ማለታችን ነው። ሐኪሙም ወረፋው ስለሚበዛበት ግፊት ይለካና መድኃኒት ይጽፋል። እኛም ጉዳያችንን ሳንነግር፣ እርሱም ሳይሰማ እንለያያለን።

በውስጣችን ያለው ሚዛን

ለመሆኑ ሳንወድቅ የምንቆመው እንዴት ነው? አእምሯችን ከሦስት ቦታ ወሬ ይመጣለታል። ዓይን የሚያየውን ይነግረዋል። እግር፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ የረገጡትን ይነግሩታል። ሦስተኛው በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል የሚገኘው የሚዛን አካል ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፉ ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ወደ ማንኛውም አቅጣጫ ስናዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ መዞራችንንም ለአእምሮ ይነግራል። ከቱቦዎቹ አጠገብ ደግሞ ከአሸዋ የደቀቁ የካልሲየም ቅንጣቶች በስስ ሽፋን ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። የእነርሱ ሥራ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን እንቅስቃሴ መለካት ነው።

ሦስቱ መልእክተኞች በወሬያቸው ሲስማሙ ሚዛናችን ይጠበቃል። አንዱ «እየዞርን ነው» ሲል ሌሎቹ «ቆመናል» ካሉ ግን አእምሮ ግራ ይጋባል። ያን ጊዜ ያዞረናል፤ ያቅለሸልሸናል።

በሱረቱ አር-ረሕማን አላህ (ሱ.ወ.) ሰማይን ከፍ እንዳደረገና ሚዛንን እንዳኖረ ይነግረናል። ሙፈሲሮች ይህን ሚዛን በፍትሕ ይተረጉሙታል፤ እኔም አዲስ ተፍሲር የማምጣት ድፍረት የለኝም። ነገር ግን ሰማይን በሥርዓት ያቆመ ጌታ በትንሿ ጆሯችን ውስጥም ሚዛን ማኖሩን ያወቀ ሰው ሲቆምም ሆነ ሲራመድ «አልሐምዱ ሊላህ» ማለት ይገባዋል። ጤነኛ ሰው ይህን ጸጋ አያስታውሰውም፤ የሚታወሰው ሲጓደል ነው።

ሱጁድ የተከለከለች የመሰላት እናት

እናቴ ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ፣ ለሰላቷ የምትሳሳ ሴት ናት። አንድ ሌሊት ለፈጅር ልትነሳ ስትል አልጋው ከነቤቱ ተሽከረከረባት። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ «ያ አላህ» እያለች ጥቂት ቆየችና ተዋት። ተነሥታ ውዱእ አደረገች። ሩኩዕ ስታደርግ ትንሽ ቀላት፤ ለሱጁድ ግንባሯን ወደ መሬት ስታደርስ ግን መሬቱ ዳግመኛ ተገለበጠባት። በዙሁርም እንዲሁ ሆነ፤ በዐስርም አልተለወጠም። ማታ ደግሞ በሱናው መሠረት በቀኝ ጎኗ ስትተኛ ያዞራል፤ በግራዋ ስትሆን ይተዋታል።

እንግዲህ አስቡት። በቀን ሥራዋ ላይ ምንም አትሆንም፤ ወጥ ትሠራለች፤ ገበያ ትሄዳለች። የሚያዞራት ሱጁድ ስታደርግና በቀኟ ስትተኛ ነው። ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች ይህን ሲሰሙ የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነበር፤ «ይህማ ከኢባዳ የሚከለክል ነገር ነው፤ ጅን ነው» አሉ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር አመጣችላት። ሌላዋ ከራሷ የደም ግፊት ክኒን ግማሹን ልታካፍላት ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው ክሊኒክ ደግሞ እንዴትና መቼ እንደሚያዞራት ሳይጠይቅ መርፌ ወግቶ ሸኛት።

እናቴን የጎዳት ግን ማዞሩ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ከመስገጃዋ ሳትነሳ «ምን ባጠፋ ነው ሱጁድ የከለከለኝ?» ስትል ሰማኋት። ሕመሙ ከጆሮዋ አልፎ ልቧን አግኝቷት ነበር። ከጌታዋ ደጅ የተባረረች መሰላት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ ንግግሯ ነው። ይህን የመሰለ ሐሳብ በልባቸው ይዘው ለማንም ሳይናገሩ የሚኖሩ ስንት እናቶችና አባቶች ይኖሩ ይሆን?

ሩቅያ ወደሚያደርጉ አንድ ሸኽ ወሰድናት። አላህ ይስጣቸውና ቁርኣን ቀሩላት፤ ዱዓም አደረጉላት። ከዚያም መቼ መቼ እንደሚያዞራት ጠየቋት። ሰምተው ሲጨርሱ «ቁርኣን ሺፋ ነው፤ ቀርተንልሻል። ሐኪምም ሰበብ ነውና ሄደሽ ታዪ» አሏት። ስለ ሰላቷ ስትጠይቃቸውም በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበውን የዒምራን ኢብን ሑሶይንን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገሯት። ዒምራን የኪንታሮት ሕመም ነበረባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ አዘዟቸው። ሱጁድ የማይችል ሰው በጭንቅላቱ ያመለክታል፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይልቅ ዝቅ ይላል። ሸኹ «ዲናችን ገር ነው፤ ሸክሙን የጨመርሽው አንቺ ነሽ» ሲሏት ፊቷ ፈካ።

ሐኪሙ ያደረገው

የጆሮ ሐኪሙ ታሪኳን ከሰማ በኋላ ደምም ሳይቀዳ፣ ራጅም ሳያዝ «እናቴ፣ እዚህ አልጋ ላይ ይቀመጡ» አላት። ራሷን ወደ ቀኝ አዙሮ በፍጥነት ወደ ኋላ አስተኛት፤ ራሷም ከአልጋው ጠርዝ ጥቂት ወደ ታች አዘነበለ። ሁለት ሦስት ሰከንድ እንዳለፈ «ዞረ! ዞረ!» ብላ ክንዱን ያዘች። እርሱ ግን ዓይኖቿን ይመለከት ነበር፤ ሳታዛቸው ይርገበገቡ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ቆመ።

ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነበር። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው የካልሲየም ቅንጣቶች በዕድሜ ምክንያት፣ ወይም ራስ ሲመታ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ያለ ታወቀ ምክንያት ከቦታቸው ይላቀቁና ከቱቦዎቹ ወደ አንዱ ይገባሉ። ሰውየው ሲተኛ፣ ሲገላበጥ፣ ሲያጎነብስ ወይም ቀና ብሎ ከቁም ሳጥን ላይ ዕቃ ሲያወርድ ቅንጣቶቹ ይንከባለላሉ። ፈሳሹንም ይገፉታል፤ ራስ ከቆመ በኋላም ጆሮው «እየዞርን ነው» ማለቱን ይቀጥላል። ቅንጣቶቹ ሲረጉ ማዞሩም ይቆማል። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው ለዚህ ነው። ከጆሮ በሚነሣ የማሽከርከር ሕመም ውስጥ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው ይህ ሲሆን ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆኑና በሴቶች ላይ ይበዛል። የእናቴ ቀኝ ጆሮ ስለሆነ በቀኝ ስትተኛ ይነሣባታል። በሱጁድም ግንባር ወደ መሬት ሲወርድ ቅንጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ጎረቤቶቻችን «ከኢባዳ የሚከለክል» ያሉት ምስጢር ይኸው ነበር።

ሕክምናውም ክኒን አልነበረም። ያንኑ ራሷን ይዞ ወደ ግራ አዞረው፤ ጥቂት ቆየ። ከዚያም በግራ ጎኗ ተኝታ ፊቷን ወደ ወለሉ እንድትመልስ አደረጋት፤ አሁንም ጥቂት ቆየ። በመጨረሻም ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ቅንጣቶቹ በቱቦው ዙሪያ ተንከባለው ወደ ወጡበት ሰፊ ክፍል እንዲመለሱ ማድረግ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያስተኛት አላዞራትም። ለጥቂት ቀናት ቅልል ሊላት እንደሚችል፣ ወደፊትም ሊመለስባት እንደሚችልና ቢመለስ ያው ዘዴ እንደሚደገም ነገራት። በዚያው ዕለት መግሪብን በሱጁድ ሰገደች። የመጀመሪያዋ ሱጁድ ረዘመች፤ ከኋላዋ ሆኜ ስጠብቅ ምን እያለች እንደ ነበር መገመት አላቃተኝም።

ይህ ዘዴ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ቪየናዊው ሐኪም ሮበርት ባራኒ በበሽተኞች ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ሲያፈስ ያዞራቸው እንደ ነበር፣ ዓይናቸውም ለቀዝቃዛው ወደ አንድ፣ ለሙቁ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚርገበገብ አስተዋለ፤ ለሥራውም የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1921 ደግሞ ራስ አቀማመጡን ሲቀይር የሚመጣውን ማዞር ገለጸ። በ1952 ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሃልፓይክ እናቴ የተመረመረችበትን የማስተኛት ምርመራ በለንደን አሳወቁ። አሜሪካዊው ጆን ኤፕሊ ደግሞ ቅንጣቶቹን የመመለሱን ዘዴ አግኝቶ በ1992 በሕክምና መጽሔት አሳተመ። በቀዶ ጥገና ይሞከር የነበረን ሕመም በእጅ ብቻ አድናለሁ ማለቱ ለባልደረቦቹ ስላልተዋጠላቸው ለዓመታት አልተቀበሉትም። ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከጆሮ የሚነሡ ሌሎች ምክንያቶች

የሚያሽከረክር ሁሉ ግን ይህ አይደለም። የሚዛኑ ነርቭ በቫይረስ ምክንያት ሲቆጣ ማዞሩ በድንገት ይጀምርና ለቀናት ያለማቋረጥ ይቆያል፤ ያስመልሳል፤ ቀና አያስብልም። ከሳምንታት በኋላ አእምሮ ጉድለቱን እየለመደ ሰውየው ይሻለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕረፍት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተኝቶ መዋል ማገገሙን ያዘገየዋልና ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ሌላው ፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒየር በ1861 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም ነው። ማዞሩ ከሃያ ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓታት ይቆያል፤ ከእርሱም ጋር አንዱ ጆሮ ይጮኻል፣ የተደፈነ ይመስላል፣ መስማትም ይደክማል። ለዚህ ሐኪሞች ጨው መቀነስን ይመክራሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት በማዞር መልክ ይመጣል። ራሱን ሳያመው እንኳ ብርሃንና ድምፅ እየረበሸው ሊያዞረው ይችላል።

ዓይን ላይ ጭልም ሲል

አሁን ኢብን ሲና «ሰደር» ወዳለው እንመለስ። በዚህኛው ቤቱ አይዞርም፤ ሰውየው ሲነሣ ዓይኑ ይጨልማል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስንቆም ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ እግራችንና ወደ ሆዳችን ይወርዳል። ጤነኛ አካል ወዲያው የደም ሥሮችን አጥብቆና የልብን ምት አፋጥኖ ደሙን ወደ ላይ ይመልሳል። ውሃ ሲያንስ፣ ደም ሲፈስ፣ ስኳር በሽታ ነርቮችን ሲጎዳ ወይም የግፊት መድኃኒት ሲበዛ ግን ይህ ይዘገያል። ሰው በቆመ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር 20፣ ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ሐኪሞች ግፊቱ በመቆም ይወርዳል ይላሉ። ስለሆነም ግፊት ተቀምጦ ብቻ ሳይሆን ቆሞም መለካት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ያዞረው ሁሉ «ግፊቴ ጨምሮ ነው» ብሎ ክኒን መደረብ አደገኛ ነው። የደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው ይልቁንም ግፊቱ የወረደበት ሊሆን ይችላል። ያቺ ጎረቤታችን በቅን ልቦና ያመጣችው ግማሽ ክኒን እንዲህ ላለው ሰው ቢሰጥ ወድቆ ዳሌውን ሊሰብር ይችል ነበር። በሌላ በኩል የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥም ጥፋት ነው፤ መፍትሔው ለሐኪም መንገር ነው።

ደም ማነስም ያዞራል፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮችንና የወር አበባቸው የሚበዛባቸውን እህቶች። ነገር ግን በግምት አይታወቅም። የሄሞግሎቢን ምርመራ ቀላል ነው፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች አዋቂ ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። ከታወቀም በኋላ ደሙ ለምን አነሰ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ በጾም ሰዓት የሚያዞራቸው ወገኖች ይበዛሉ። ለጤነኛ ሰው ሱሑር አለመተውና በሌሊት በቂ ውሃ መጠጣት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ሱሑር በረካ ያለበት መሆኑን የነገሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸውና። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። እየጾመ ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠና ካዞረው ስኳሩን ይለካ፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጾሙን ማፍረስ እንዳለበት ባለሙያዎች ይናገራሉ። መለካቱ ጾም አያፈርስም ብለን የምንከራከርበት ሰዓትም አይደለም፤ ቁርኣን ለሕመምተኛ የሰጠው ፈቃድ የአላህ ስጦታ ነው፤ ስጦታን መግፋት ተቅዋ አይሆንም።

በሐጅም እንዲሁ ነው። በጠዋፍ ላይ የሚያዞረን ዙረቱ ሳይሆን ሙቀቱና ጥሙ ነው። በ1445 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 2024) ሐጅ መካ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ የሳዑዲ ባለሥልጣናት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቀዋል። በሙቀት የሚጎዳ ሰው ቀድሞ ከሚሰሙት ነገሮች አንዱ ማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ጥላ ፈልጎ መቀመጥና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ያልጠረጠርናቸው

ሁለት ምክንያቶች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ስትሬፕቶማይሲን እና ዛሬም የሚሠራበት ጄንታማይሲን የተባሉት መርፌዎች የጆሮን ሚዛን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሲሄድ የሚያንገዳግደው፣ በጨለማ መንገድ ላይ ደግሞ የሚብስበት ሰው ከዚህ በፊት የወሰዳቸውን መርፌዎች ለሐኪሙ ያስታውስ።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ ወይም ብርድ ሲሆን በሩን ዘግተን ከሰል እናቀጣጥላለን። የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ካዞራቸው ዓይን ወይም ምግብ ከመጠርጠር በፊት በርና መስኮት ከፍቶ ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሮጥ ያሻል። እሳቱ ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት ስንት ቤተሰብ እንዳጠፋ የምናውቀው ነው።

ጭንቀትም ያዞራል። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ራሱ ይቀልበታል። ይህን «ምንም የለብህም» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

የማይጠብቀው ማዞር

ከማዞር ጋር አፍ ከተኮላተፈ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ሰውየው ተደግፎም መራመድ ካቃተው፣ በድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ይህ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም፤ ሽንኩርትም አይሞከርም። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌላው አብዛኛው ግን ጊዜ ይሰጣል። በሚያዞርህ ጊዜ ቁጭ በል፤ አንድ ቦታ ላይ ዓይንህን አሳርፍ፤ መኪና አትንዳ፤ መሰላል ላይ አትውጣ። ከአልጋ ስትነሣ ጥቂት ተቀምጠህ ተነሣ፤ በሌሊት ለውዱእ ስትሄድ መብራት አብራ። ከዚያም ወደ ሐኪም ከመሄድህ በፊት አራት ነገሮችን ጻፍ፤ ቤቱ ይዞራል ወይስ ዓይንህ ይጨልማል? ስታደርግ ምን ሳለህ ይጀምራል? ስንት ጊዜ ይቆያል፤ በሰከንድ ነው፣ በሰዓት ወይስ በቀን? ከእርሱ ጋር ሌላ ምን ይሰማሃል፤ ጆሮህ፣ ራስህ፣ ልብህ እንዴት ነው? የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችም ይዘህ ሂድ። እነዚህ መልሶች ከብዙ ምርመራ ይበልጣሉ።

ውድ አንባቢያን! ዓይን ሐቅ መሆኑን፣ ጅንም መኖሩን አንክድም፤ ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንፈልግ አዘዋል፤ አላህ ከእርጅና በቀር ለሁሉም በሽታ መድኃኒት እንዳደረገለትም አስተምረዋል። ሩቅያና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም፤ የተጣሉብን እኛ አንዱን በሌላው ላይ ስላስነሣን ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ለታመመ ሰው ያለ ዕውቀት «ከኢባዳ ተከልክለሻል» ማለት ነው። ጆሮውን ላመመው ሰው በልቡ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነውና። በቤታችሁ ሱጁድ ስታደርግ የሚያዞራት እናት፣ በቀኙ መተኛት ያቃተው አባት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ስሙት፤ ይዛችሁት ሂዱ። ምናልባት ከሱጁዱ የለየው ከአሸዋ የደቀቀች አንዲት ቅንጣት ብቻ ልትሆን ትችላለች።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማርልን፤ ለሐኪሞቻችን ዕውቀትና ትዕግሥት ይስጥልን፤ እኛንም ጸጋውን ሳያነሣብን የምናመሰግነው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።